ማን ምን ይሁን? በጠረጴዛ ላይ የቡድን ጨዋታ የገጸ ባሕርይ ሚና አመራረጥ

የጨዋታው መሪ የሕጉን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ "እሺ፣ ማን ምን ሊሆን ነው?" ሲል መጀመሪያ የሚከተለው ዝምታ ነው። ከዚያ አንዱ ቸኩሎ "ጎራዴ የያዘው የእኔ ነው" ይላል። ሌላዋ ሥዕሉ ያማረውን ትመርጣለች። መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው "ፈዋሽ ያስፈልገናል" ተብሎ ያልወደደውን ይሸከማል። እንዲህ የተሰበሰበ ቡድን ጥቂት ቀን እንደተጫወተ አንድ ሰው መቅረት ይጀምራል። የሚቀረውም ብዙ ጊዜ ያ ያልወደደውን የተሸከመው ሰው ነው።

ይህ መመሪያ እንደዚያ እንዳይሆን የተጻፈ ነው። የምናወራው ጥቂት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ አንዱ ዓለሙንና ጠላቶቹን ይመራል፣ የሚሆነው በቃል ይነገራል፣ አጠራጣሪው በዳይስ ይቆረጣል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሚና ማለት ወረቀቱ ራስጌ ላይ የሚጻፈው ስም አይደለም። ተራችሁ ሲደርስ የምትሠሩት ሥራ ነው። ስሙን ወድዶ ሥራውን የጠላ ተጫዋች በጣም ብዙ አይቻለሁ።

አንደኛ፦ መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት መሪውን ጠይቁ

የምትጠይቁት አራት ነገር ነው። የምንጫወተው የትኛውን ጨዋታ ነው? ታሪኩ ስለ ምንድን ነው? ውጊያው ምን ያህል ነው? የምንጫወተው አንድ ቀን ነው ወይስ ለወራት?

መልሱ ምርጫውን ከሥሩ ይለውጠዋል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ውስጥ ብረት ለብሶ ፊት የሚቆም ተዋጊ ሁልጊዜ ሥራ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ ግን ምስጢር የሚመረምሩ ተራ ሰዎች ጨዋታ ነው። እዚያ የሚመረጠው ጋዜጠኛ፣ ሐኪም፣ መርማሪ የመሳሰለ ሙያ ሲሆን፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የጠፋውን መዝገብ የሚያገኝ ሰው ከጠመንጃ ያዡ ይልቅ ቡድኑን ያድናል። ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ደግሞ የወንበዴ ቡድን ጨዋታ ነው፤ ሰብሮ ገብቶ መውጣት የታሪኩ ልብ ስለሆነ ሁሉም ሰው ትንሽ ሌባ ነው፣ ልዩነቱ በአሠራሩ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ቁጥሮች በብዛት ከሚጫወቱት ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም፣ ያውም እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ ሕግ የተወሰዱ ናቸው። አስተሳሰቡ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

ጨዋታው ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ አትልፉ። መሪው ያዘጋጃቸውን ዝግጁ ገጸ ባሕርያት ተቀበሉ፣ ከእነሱ መካከል ምረጡ።

ሁለተኛ፦ ስሞቹን ትታችሁ ሥራዎቹን ዘርዝሩ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የነበሩት ክላሶች፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች፣ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ እና ክለሪክ የሚባለው በአምላኩ ኃይል የሚፈውሰው። ሌባው የተጨመረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ2014ቱ መሠረታዊ መጽሐፍ ውስጥ ግን 12 ክላሶች አሉ፤ ጀማሪን ግራ የሚያጋባውም ይህ ብዛት ነው። ሥራዎቹ ግን ያን ያህል አልበዙም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛ እትም በአራት ከፍሎ ስም አውጥቶላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ፊት መቆም ነው። ጠላት ከኋላ ያሉትን እንዳይደርስባቸው መንገዱን የሚዘጋ፣ ዱላውን የሚቀበል ሰው። ሁለተኛው መምታት ነው፦ አንድ ጠላት መርጦ ቶሎ የሚጥል። ሦስተኛው ሜዳውን መቆጣጠር ነው፤ ጠላትን የሚያስተኛ፣ የሚያጣብቅ፣ መንገድ የሚያስለውጥ። አራተኛው ማገዝ ነው፤ የወደቀውን የሚያነሳ፣ ጓደኞቹ የተሻለ እንዲመቱ የሚያደርግ። እኔ አምስተኛ እጨምራለሁ፤ እሱም ከውጊያ ውጪ ያለው ሥራ ነው፦ ማየት፣ መስማት፣ መክፈት፣ ማሳመን፣ ማወቅ። ወደዚህኛው በኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ቡድን የሚረሳው እሱን ነው።

እነዚህ ሥራዎች አብረው ሲሠሩ ምን እንደሚመስሉ በአንድ ድልድይ ላይ ላሳያችሁ። ከፊት አንድ ኦገር ቆሟል፤ 59 የሕይወት ነጥብ (በተመታ ቁጥር የሚቀነስ፣ ዜሮ ሲደርስ የሚጥል ቁጥር) ያለው ግዙፍ ፍጥረት ነው። ከኋላው ጎብሊን የሚባሉ ሦስት ትናንሽ ጭራቆች ቀስት ደግነዋል። ተዋጊው ሄዶ ከኦገሩ ሥር ይቆማል። ይህ ብቻውን ሁለት ነገር ሠራ፦ ኦገሩ ተዋጊውን ትቶ ወደ ሌሎቹ ልሂድ ቢል በዞረበት ቅጽበት ተዋጊው ይመታዋል፤ ደግሞም ጓደኛ ከጠላቱ አጠገብ ስለቆመ ሮግ የሚባለው አድብቶ መቺ ተጨማሪ ጉዳቱን መጠቀም ይችላል። ተዋጊው ባይኖር ኖሮ ሮጉ ወይ መደበቅ ወይ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት። አስማተኛዋ ኦገሩን አትነካውም። የእንቅልፍ ድግምቷ አምስት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ተጥሎ በአማካይ ወደ 22 የሕይወት ነጥብ ያህል ጠላት ነው የሚያስተኛው፤ ለኦገሩ አይበቃም። ጎብሊኖቹ ግን እያንዳንዳቸው 7 ናቸው። ሦስቱም ከነቀስታቸው ይተኛሉ። አሁን አራት የነበረው ጠላት አንድ ሆነ። ቡድኑ በየተራው ሲመታው እሱ በዙር አንዴ ብቻ ይመታል።

አስማተኛዋ በዚያ ዙር አንድም ጉዳት አላደረሰችም፤ ውጊያውን ግን ያሸነፈችው እሷ ናት። "የእኔ ገጸ ባሕርይ ብዙ ስለማይመታ ደካማ ነው" የሚል ተጫዋች ስሰማ ሁልጊዜ ይህን ድልድይ አስታውሳለሁ።

ሦስተኛ፦ ራሳችሁን በሦስት ተራ ፈትኑ

አሁን የምትወዱትን ፈልጉ። "ምን ዓይነት ጀግና መሆን ትፈልጋለህ?" የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም፤ የሁሉም ሰው መልስ ያማረ ነው። ከዚያ ይልቅ ያሰባችሁትን ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ ሦስት ተከታታይ ተራዎችን በአእምሯችሁ ተጫወቱ። በመጀመሪያው ተራ ምን ታደርጋላችሁ? በሁለተኛውስ? በሦስተኛው፣ ዳይሱ ከድቷችሁ ያሰባችሁት ሳይሳካ ሲቀርስ? ሦስቱንም ስታስቡ ደስ ካላችሁ ያ ሚና የእናንተ ነው። የመጀመሪያው ብቻ አስደስቷችሁ የቀሩት ከደበሯችሁ የወደዳችሁት ሥዕሉን ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የሚሸከሙት የሕግ ብዛት ነው። ገጸ ባሕርይ እየተጫወተ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ተዋጊ በመጀመሪያው ደረጃ ቀርቦ ይመታል፣ አልፎ አልፎ ትንፋሹን ሰብስቦ ያገግማል፤ ብዙ መጽሐፍ አያስገልጥም። አስማተኛ በዚያው ደረጃ 6 ድግምት በመጽሐፉ ይዞ ይጀምራል፣ ከእነሱ ለቀኑ የሚሆኑትን ይመርጣል፣ ያሉት የድግምት ዕድሎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱ ካለቁ፣ በቀን አንዴ በአጭር ዕረፍት አንዱን ከማስመለሱ በቀር፣ ረጅም ዕረፍት እስኪያደርግ ድረስ ትናንሾቹን፣ ያለ ገደብ የሚሠሩትን ድግምቶች ብቻ ነው የሚጠቀመው። ማንበብና ማቀድ ለሚወድ ሰው ይህ ደስታ ነው። ከሥራ ደክሞት መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር መሳቅ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሸክም ነው። ሁለቱም ጥሩ ተጫዋች ነው። ራሳችሁን የትኛው እንደሆናችሁ በእውነት መመለስ ግን አለባችሁ፤ ተራው በደረሰ ቁጥር አምስት ደቂቃ ገጽ የሚገልጥ ሰው ሌሎቹን ያስጠብቃል፣ እሱም ያፍራል።

አራተኛ፦ ሁላችሁም ሁለት ሁለት ይዛችሁ ተቀመጡ

የመጀመሪያ ምርጫና ተለዋጭ ምርጫ። አንድ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ይከራከራል፤ ሁለት ይዞ የመጣ ይነጋገራል። ሁሉም ሰው ሁለቱን ከተናገረ በኋላ ሥራዎቹን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ከእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንዳለ አስቀምጡ። ክፍተቱም መደራረቡም ወዲያው ይታያል።

መደራረብ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሁለት ተዋጊዎች አንድ ቡድን ውስጥ ደስ ይላሉ፣ በተለይ አንዱ ጋሻ ይዞ ፊት ሲቆም ሌላው ከሩቅ በቀስት ከተዋጋ። ችግሩ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ሠርቶ አንዱ ሁልጊዜ በተሻለ ቁጥር ሲሠራው ነው። ያኔ ሁለተኛው ሰው ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚሠራ ይጠፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ልዩነቱን ፈልጉለት፤ ሚና ለውጥ ማለት የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ክፍተት ሲኖርም አንድ ሰው ይሠዋ ማለት አይደለም። ሥራው ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ ባርድ የሚባለው በሙዚቃው ድግምት የሚሠራ አዝማሪ ግማሹን ፈውስ፣ ፓላዲን የሚባለው ለቃል ኪዳኑ የሚዋጋ ደግሞ ግማሹን ይይዙታል። ወይም መሪው የፈውስ መድኃኒት በየቦታው ያስቀምጣል። ሦስት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ሁሉንም ሥራ ለመሸፈን አትሞክሩ። መሪው ያላችሁን አይቶ ጠላቶቹን መመጠን ይችላል፤ ይህ የእሱ ሥራ ነው።

አምስተኛ፦ ስለ ፈዋሹ

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቡድን የሚጎዳው እዚህ ነው።

የመጀመሪያ ዘመቻዬን፣ ማለትም ብዙ ቀን የሚዘልቀውን ታሪክ፣ የጀመርኩት በፈዋሽነት ነው፤ ማንም ስላልፈለገው ተሰጠኝ። ስድስት የጨዋታ ቀን ሙሉ ተራዬ ሲደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምናገረው፦ "ሄጄ እፈውሰዋለሁ።" ጓደኞቼ ስለ ውጊያው ሲያወሩ እኔ የእነሱን የሕይወት ነጥብ እቆጥር ነበር። ሚናው የተበላሸ መሰለኝ። ኋላ ቁጥሩን ተቀምጬ ሳሰላ ግን ጥፋቱ በአጠቃቀሜ እንደነበር ገባኝ።

ሒሳቡ ይኸው። ጀማሪ ፈዋሽ እጁን ጭኖ ሲፈውስ አንድ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ጥሎ 3 ይጨምራል፤ በአማካይ 7 ተኩል ነጥብ ይመልሳል። ያ የድልድዩ ኦገር አንዴ ሲመታ በአማካይ 13 ያነሳል። ሙሉ ተራችሁን ከፍላችሁ የመለሳችሁት አንድ ምቱን እንኳ አይሸፍንም። በውጊያ መሐል የቆሰለን ሁሉ መሙላት ውኃን በወንፊት መቅዳት ነው።

እንግዲህ ፈዋሽ ምን ይሠራል? የወደቀውን ያነሳል። በዚህ ጨዋታ የሕይወት ነጥቡ ዜሮ የደረሰ ሰው ራሱን ስቶ በየተራው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል። 10 እና ከዚያ በላይ ለሕይወት፣ ከዚያ በታች ለሞት ይቆጠራል፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ሦስት ሲሞላ ይለይለታል። ያን ጊዜ አንዲት የፈውስ ቃል፣ ከ60 ጫማ ርቀት እንኳ፣ ጥቂት ነጥብ ብቻ ብትሰጠው ይነሳል፣ ተራው ሲደርስም እንደገና ይዋጋል። ቃሏ ዋናውን ተግባር ስለማትበላ ፈዋሹ በዚያው ተራ መዶሻውን አንስቶ መምታት ይችላል። የቀረውን ጊዜ ደግሞ ጓደኞቹን ይባርካል፦ ሦስት ሰው ለአንድ ደቂቃ ያህል በሚጥለው ጥቃት ሁሉ ላይ ባለ 4 ገጽ ዳይስ እንዲጨምር ያደርጋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያው ገጸ ባሕርይ፣ ያው ወረቀት፣ ሌላ ሰው ሆነብኝ።

ስለዚህ ፈዋሽ ለመሆን የምታስቡ ከሆነ ከምርጫው በፊት ለቡድናችሁ ይህን ንገሩ፦ "ስትወድቁ አነሳችኋለሁ፤ ስትቧጨሩ ግን አልሮጥም።" ቡድኑ ደግሞ ማንንም በግድ ፈዋሽ አያድርግ። ያለ ፈዋሽ መጫወት ይቻላል፤ ጥንቃቄና ዕረፍት ይበዛል እንጂ ጨዋታው አይቆምም።

ስድስተኛ፦ ከውጊያ ውጪ ማን ምን ይሠራል?

ብዙ ጊዜ ከጨዋታው ግማሽ የሚበልጠው ንግግር፣ ፍለጋና ጉዞ ነው። በውጊያ የተሟላ ቡድን በር ጠባቂ ፊት ቆሞ ማን እንደሚናገር ሳያውቅ ሲቀር ያሳዝናል። ከውጊያ ሚናችሁ በተጨማሪ ከእነዚህ አንዱን ያዙ፦ አሳማኝ፣ ቃኚ፣ ሰርሳሪ፣ አዋቂ። ቃኚው ዓይንና ጆሮ ነው፤ አዋቂው የጽሑፉን፣ የምልክቱን፣ የአስማቱን ትርጉም ያውቃል። ቃኚ ሁለት ብታደርጉ ይመከራል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻ ካየ ዳይሱ በከዳው ቀን ሁላችሁም ወጥመድ ትገባላችሁ።

ስለ አሳማኙ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ አሳማኝ ለመሆን ተናጋሪ ሰው መሆን አያስፈልግም። ዝምተኛ ተጫዋች "ልጁ መታመሙን ነግሬው እንዲያሳልፈን እለምነዋለሁ" ብሎ ሐሳቡን ከተናገረ በቂ ነው፤ የቀረውን የገጸ ባሕርዩ ግርማ ሞገስና ዳይሱ ይሠሩታል። ጎራዴ ለመያዝ ጎራዴ መቻል ካላስፈለገ፣ ለማሳመንም አንደበተ ርቱዕ መሆን አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ አሳማኙ የሁሉንም ንግግር አይውሰድ። ከአንጥረኛ ጋር ስታወሩ ተዋጊው ይናገር፤ ከመነኩሴ ጋር ፈዋሹ።

ሰባተኛ፦ ቁጥሮቹን ሚናው ላይ አፍስሱ

የመጽሐፉን ዝግጁ ቁጥሮች ከተጠቀማችሁ ስድስት አሏችሁ፦ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8። የምታከፋፍሉት ለጉልበት፣ ለቅልጥፍና፣ ለጽናት፣ ለዕውቀት፣ ለማስተዋልና ለግርማ ሞገስ ነው። 15ቱን ዋና ሥራችሁ በሚቆምበት ላይ አድርጉ፦ ለፊት ቋሚ ተዋጊ ጉልበት፣ ለአድብቶ መቺ ቅልጥፍና፣ ለአስማተኛ ዕውቀት፣ ለክለሪክ ማስተዋል፣ ለባርድ ግርማ ሞገስ። ማንም ብትሆኑ ጽናትን አትርሱ፤ የሕይወት ነጥባችሁ ከእሱ ነው።

"ትንሽ ከሁሉም" የሚለው ፈተና ጀማሪን ያታልላል። የጠላት መከላከያ፣ ማለትም ለመምታት ልትደርሱበት የሚገባው ቁጥር፣ 15 ሲሆን በጥቃታችሁ ላይ 5 የምትጨምሩ ከሆነ ባለ 20 ገጹ ዳይስ 10 እና ከዚያ በላይ ካወጣ ይበቃችኋል፤ ይህ ከመቶ 55 ዕድል ነው። 3 ብቻ የምትጨምሩ ከሆነ 12 ያስፈልጋችኋል፣ ዕድላችሁም ወደ 45 ይወርዳል። ከአሥር ሙከራ አንዱን አጣችሁ ማለት ነው፤ ለወራት በሚሄድ ዘመቻ ይህ ይሰማል። 8ቱን ደግሞ አትፍሩት። ጉልበቱ 8 የሆነ አስማተኛ በር ሲገፋ ጓደኛውን ይጠራል፤ ቡድን የተባለውም ለዚህ ነው።

ስምንተኛ፦ ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር ተሳሰሩ

ሚናው ከተመረጠ በኋላ ገጸ ባሕርያችሁን ቢያንስ ከአንድ ሌላ ገጸ ባሕርይ ጋር የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ተዋጊው ከእሳት አውጥቶኛል።" "ከአስማተኛዋ ጋር አንድ መምህር ነበረን፤ እሷ እስከ መጨረሻ ቆየች፣ እኔ አቋረጥሁ።" ረጅም የሕይወት ታሪክ ከመጻፍ ይህ አንድ መስመር ይበልጣል። ማንንም የማያምን፣ ከማንም የማይጠጋ ብቸኛ ሰው በጽሑፍ ያምራል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ሌሎቹ በየቀኑ "ለምን አብሮን ይሄዳል?" ብለው እንዲጠይቁ ያስገድዳል። ብቸኛ ሰው መጫወት ከፈለጋችሁ ፍቀዱለት፣ ግን የሚያምነው አንድ ሰው ስጡት።

ዘጠነኛ፦ ሦስት የጨዋታ ቀን ሞክሩትና ተናገሩ

በወረቀት ላይ ያማረ ሚና ጠረጴዛ ላይ ላይሠራ ይችላል። ከሦስት የጨዋታ ቀን በኋላ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ተራዬ እየደረሰ ሲመጣ ቀና ብዬ እጠብቃለሁ ወይስ ስልኬን አያለሁ? ስልካችሁን የምታዩ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትታገሡ። መሪውን ለብቻው አነጋግሩት። አንዳንዴ የድግምት ምርጫ መለወጥ ብቻ ይበቃል፤ አንዳንዴ ክላሱን መቀየር ያስፈልጋል፤ አንዳንዴ ገጸ ባሕርዩ በክብር ተሰናብቶ ሌላ ይገባል። እስከ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ሁሉም ክላስ በውስጡ ካሉት ልዩ ዘርፎች አንዱን ስለሚመርጥ፣ እዚያ ሳትደርሱ መቀየር ብዙ አያስቸግርም።

ለመጀመሪያው ቀን ስትሄዱ በገጸ ባሕርይ ወረቀታችሁ ራስጌ ላይ ሦስት መስመር በእርሳስ ጽፋችሁ ሂዱ፦ በውጊያ ሥራዬ ምንድን ነው፤ ከውጊያ ውጪ ሥራዬ ምንድን ነው፤ አብሬው የምቆመው ማን ነው። በእርሳስ ያልኩት ሁለተኛው መስመር አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሦስተኛው ቀን ስለሚለወጥ ነው።